ባሕር የገባባት ደሴት

አንባቢ ሆይ! ጳጉሜ 3 ቀን ምን ዕለት እንደ ሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልግም። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልብስህን ጥለህ በደጅ የዘለልህበት፣ እናትህም «ይበቃሃል፣ ብርድ ይመታሃል» እያለች ፎጣ ይዛ ያሳደደችህ ቀን ነው። እኔም ይህን ዕለት እንደ ወደድሁ አድጌ፣ ባለፈው ክረምት ከአገሬ እጅግ ርቃ በምትገኝ በአንዲት የአሜሪካ ደሴት ላይ ቆሜ አንድ የነሐስ ሐውልት እመለከት ነበር። ሐውልቱ አንድ ሰው ሚስቱንና ሕፃን ልጁን አቅፎ፣ አንድ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚያሳይ ነው። መታሰቢያነቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 በአውሎ ነፋስ ላለቁት ሰዎች መሆኑን ሲነግሩኝ፣ እንደ ልማዴ ወደ እኛ አቆጣጠር ልመልሰው በጣቴ ቆጠርሁ። ጳጉሜ 3 ቀን 1892 ዓ.ም. ሆነ። ከዐድዋ ድል አራት ዓመት ተኩል በኋላ መሆኑ ነው። እዚህ የእኛ አያቶች አባቶች በሩፋኤል ዝናብ ሲባረኩ፣ እዚያ ባሕር ከተማ እየዋጠ ነበር።

ደሴቲቱ ጋልቨስተን ትባላለች። የቴክሳስ ክፍል ናት፤ ከታላቋ የሂውስተን ከተማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ተጋድማለች። ርዝመቷ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዷ ግን ሰፋ ባለበት ስፍራ እንኳ ከ5 ኪሎ ሜትር አያልፍም። ተራራ የለባት፣ ድንጋይ የለባት፤ ባሕር ያመጣው አሸዋ ናት። (ከዚህ ወዲያ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በል።)

ወደዚያ የወሰዱኝ በሂውስተን ሠላሳ ዓመት ያህል የኖሩት የአክስቴ ልጅ ናቸው። በዕድሜ አባቴን ስለሚያክሉ «ጋሼ» እያልሁ ነው የምጠራቸው። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው በመሆኔ፣ ለክረምቱ ዕረፍት ሲጋብዙኝ «ባሕር አሳዩኝ» ብዬ ለመንኋቸው። ለተማሪዎቼ ስለ ሞገድና ስለ አውሎ ነፋስ በጠመኔ ስሥል ዓመታት አልፈዋል፤ ባሕር በዐይኔ ያየሁት ግን በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነበር። ይህ ለአስተማሪ ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው።

ከመኪና ስንወርድ ሙቀቱ እንደ እንጀራ ምጣድ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ባሕሩም በሥዕል እንደማውቀው ሰማያዊ አልነበረም። ወንዞች ከዋናው ምድር እየጠረጉ በሚያመጡት ደለል የተነሣ ቡና በወተት ይመስላል። እጄን ብነክረው ለብ ያለ ነው፤ በነሐሴ ወር የዚያ ባሕር ውሃ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። «ደስ ይላል አይደለም?» አሉኝ ጋሼ። «የሚገድለንም ይኸው ሙቀቱ ነው።» አነጋገራቸው ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ሳልሸሽግ ልንገርህ። ዋና የተማርሁት ላንጋኖ ሐይቅ ስለ ሆነ ራሴን እንደ ዋናተኛ እቈጥር ነበር። በባሕሩ ዳር የጠባቂዎች ማማ አለ፤ በላዩም ባንዲራ ይሰቀላል። አረንጓዴ ሲሆን ባሕሩ ረጋ ብሏል፤ ቢጫ ሲሆን ተጠንቀቅ ማለት ነው፤ ቀይ ሲሆን አደጋው ከባድ ነው፤ ሐምራዊ የተሰቀለ እንደ ሆነ የሚናደፉ የባሕር እንስሳት መጥተዋል። በዚያ ቀን ቢጫ ነበር። ከባሕሩ ዳር ወደ ውሃው ዘልቀው የተዘረጉ የድንጋይ ክምሮችም አሉ፤ አሸዋው ተጠርጎ እንዳይሄድ የተሠሩ ናቸው። አጠገባቸው መዋኘት የሚከለክል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳውን አንብቤዋለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን በሌላው ስፍራ ማዕበሉ እየተሰበረ ሲጮህ፣ ከድንጋዩ ጎን ያለው ውሃ ጸጥ ብሎ ስላየሁት ሞገድ የሌለበት ቦታ ደኅና ቦታ ነው ብዬ ገመትሁና ገባሁ።

ጸጥታው ለካ ወጥመዱ ነው! ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውሃ መመለሻ መንገድ ይፈልጋል። የድንጋይ ክምር ሲያገኝ ጎን ለጎን ተከትሎ እንደ ወንዝ ወደ ጥልቁ ይወጣል። ሞገድ የማይሰበርበትም ውሃው ወደ ውጭ ስለሚፈስና ታቹ ስለ ጠለቀ ነው። ዞር ብዬ ጋሼን ባያቸው እንደ ልጅ አንሰው ታዩኝ። ወደ ዳር ፊቴን መልሼ በሙሉ ኃይሌ ዋኘሁ፤ ዋኘሁ፤ ድንጋዮቹ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም። ክንዴ ሲዝል፣ ጨው ውሃም አንድ ሁለቴ ስጎነጭ፣ ልቤ በፍርሃት ቀለጠ። በዚያ ጊዜ የፉጨት ድምፅ ሰማሁ። የተማሪዎቼ እኩያ የምትሆን አንዲት ጠባቂ ተንሳፋፊዋን ይዛ እየሮጠች፣ በእጇ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ታመለክተኛለች። ከድንጋዩ ርቄ ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ ስዋኝ፣ ጥቂት ሜትር እንደ ሄድሁ የሳበኝ ነገር ለቀቀኝ፤ ከዚያም ማዕበሉ ራሱ ገፍቶ አወጣኝ።

ልጅቱ አልተቈጣችኝም። «ያደግኸው ባሕር በሌለበት አገር ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎን አልኋት፤ ነገሩ ረዥም ታሪክ ቢሆንም።

እንግዲህ አንተም ለሥራም ሆነ ለትምህርት ጅቡቲ ወይም ሞምባሳ ወይም ሌላ ባሕር ዳር የሄድህ እንደ ሆነ ይህን ያዝ። ውሃ ወደ ውስጥ ሲስብህ አትታገለው፤ ጉልበትህን ይጨርስሃል። ወደ ጎን ዋኝ፤ ያልቻልህ እንደ ሆነ ተንሳፈህ እጅህን አንሣና ርዳታ ጠይቅ። ጋሼ ደግሞ ሌላ ሕግ አላቸው፦ ሰውነቱ ላይ ጭረት ያለበትን ሰው ውሃው ውስጥ አያስገቡም። በሞቃት የባሕር ውሃ የሚኖር ባክቴሪያ በቁስል ገብቶ በጥቂት ቀን ሰው ሊገድል ይችላልና። ይህን ሲነግሩኝ እየሣቅሁ ነበር፤ ከውሃው ከወጣሁ በኋላ ግን ምንም ነገር አላሣቀኝም።

አሁን ወደ 1900 ልመለስ። ጋልቨስተን በዚያን ጊዜ 38,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት፣ የቴክሳስ ጥጥ ወደ ውጭ አገር የሚጫንባት ባለጠጋ ወደብ ነበረች። የከተማዋ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 2.7 ሜትር ብቻ ነው። አስቀድሞ ባሕር ዳሩን በግንብ እናጥር የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አላስፈላጊ ወጪ ሆኖ ታየ። የከተማይቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሹም የነበረው አይዛክ ክላይን በ1891 በጋዜጣ በጻፈው ጽሑፍ፣ አውሎ ነፋስ ጋልቨስተንን ክፉኛ ይጎዳል ማለት ከንቱ ቅዠት ነው የሚል ፍርድ ሰጠ። ክላይን ሞኝ ሰው አልነበረም። ሐኪምም የአየር ጠባይ ምሁርም ነበር። ሕዝቡ የሰማው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይህ ነው።

አውሎ ነፋሱ በካሪብ ባሕር አልፎ ኩባን ሲያቋርጥ፣ በሃቫና ያሉት የኩባ የአየር ጠባይ ተመልካቾች ወደ ቴክሳስ ሊሄድ እንደሚችል ተረድተው ነበር። ይሁን እንጂ በዋሺንግተን ያለው መሥሪያ ቤት የኩባዎቹን ትንቢት ይንቅ ስለ ነበር የአየር ጠባይ ቴሌግራማቸው በመስመሩ እንዳያልፍ አግዶ ነበር። የራሱ ሰዎች ደግሞ ነፋሱ ወደ ፍሎሪዳ ይዞራል ብለው ጠበቁ። አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤትህ የሌላው ክፍል ደብዳቤ ሳይነበብ መዝገብ ቤት ሲተኛ አይተህ እንደ ሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብህም።

ቅዳሜ ማለዳ ባሕሩ ነፋሱን እየተቃወመ በመንገድ ላይ ይወጣ ጀመር። ሰዉ ፈራ ይመስልሃል? ብዙው ማዕበሉን ሊያይ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ልጆች በየመንገዱ በተኛው ውሃ ውስጥ እየተንቦጫረቁ ይጫወቱ ነበር። ይህን በታሪክ መጽሐፍ ሳነብ የእኛን የሩፋኤል ልጆች አሰብሁና መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አጠፍሁት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግሩት ድልድዮች ተቈረጡ። የነፋስ መለኪያው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከመዘገበ በኋላ እርሱ ራሱ በነፋሱ ተነቅሎ ሄደ። ማታ የባሕሩ ሙላት ከ4.5 ሜትር በላይ ደረሰ። የቀረውን ሒሳብ አንተ ቀንስ፤ ከፍተኛው ቦታ 2.7 ሜትር ነው ብዬሃለሁ። ከነፋሱ ይልቅ የገደለው ውሃው፣ ከውሃውም ይልቅ ውሃው ተሸክሞ ያመጣው የፈረሰ ቤት እንጨት ነበር። አንዱ ረድፍ ቤት ሲፈርስ ፍርስራሹ ሁለተኛውን ረድፍ እንደ መዶሻ ይመታል። 3,600 ያህል ቤቶች ወደሙ። በክላይን ቤት 50 ያህል ሰዎች ተጠግተው ነበር፤ ቤቱ ሲገለበጥ ብዙዎቹ አለቁ፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱም ከእነርሱ ጋር ሞተች። ክላይን በኋላ ጠዋት በጋሪ እየዞርሁ ሕዝቡን አስጠንቅቄአለሁ ሲል ጽፏል፤ የታሪክ ሰዎች ግን ይህን አባባሉን በሙሉ አይቀበሉትም።

በባሕሩ ዳር የካቶሊክ ደናግል የሚያስተዳድሩት የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር። ደናግሉ ልጆቹ በውሃ እንዳይወሰዱባቸው በልብስ ማስጫ ገመድ ከወገባቸው ጋር አሰሯቸው። አሥሩ ደናግልና 90 ልጆች ሞቱ፤ ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ በዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ተረፉ። ሬሳዎቹ በተገኙ ጊዜ ከገመዱ ጋር ነበሩ። ከወሽመጡ ማዶ በቦሊቫር ያለው የመርከብ መብራት ማማ ግን 125 ያህል ሰዎችን በደረጃው ላይ ደርቦ አዳነ። በዚያው አቅራቢያ ውሃ ያቆመው ባቡር ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አሥር ያህሉ ወርደው በውሃ ውስጥ እየተራመዱ ወደ ማማው ሄዱ፤ በባቡሩ ውስጥ መቀመጥን የመረጡት ሁሉ ጠፉ። እኔ ብሆን የቱን እመርጥ ነበር እያልሁ ዛሬም አስባለሁ። ባቡር እኮ ብረት ነው፤ ደረቅ ወንበር አለው።

የሞቱት ቢያንስ 6,000፣ በብዙዎች ግምትም 8,000 ናቸው። መቃብር የሚቈፈርበት ደረቅ ምድር ስላልነበረ ሬሳዎቹን በጀልባ ወስደው ወደ ባሕር ጣሏቸው፤ ባሕሩ መልሶ አመጣቸው። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ በእሳት አቃጠሏቸው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የተረፉት ሰዎች ያደረጉት ነገር ግን ሊጻፍ ይገባዋል። ሦስት መሐንዲሶች ተጠርተው ምክር ሰጡ። ከእነርሱ አንዱ ሄንሪ ሮበርት ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የስብሰባ ደንብ መምሪያ የሆነውን መጽሐፍ በ1876 ያሳተመው እርሱ ነው። እጅህን አውጥተህ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ባልህ ቁጥር ሥራውን እየነካህ ነው። በ1902 የተጀመረው የባሕር ግንብ የመጀመሪያ ክፍሉ በ1904 አለቀ፤ ከፍታው 5.2 ሜትር ነው። ፊቱ ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ ማዕበሉን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ኋላም እየተቀጠለ 16 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በላዩ ላይ ሰው ሲንሸራሸር፣ ልጆች በብስክሌት ሲሮጡ ስታይ መጀመሪያ ለምን እንደ ተሠራ ትረሳለህ።

ከግንቡ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ከተማዋን ራሷን ማንሣታቸው ነው። ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ቤቶችና ሕንጻዎች በክሪክ ከመሠረታቸው ተነሡ፤ አዎን፣ የመኪና ጎማ ስትቀይር የምታውቀው ዓይነት ክሪክ። 3,000 ቶን የሚመዝን አንድ ቤተ ክርስቲያን በ700 ክሪክ ቀስ በቀስ ከፍ ተደረገ። በታቹ ከባሕር የተቀዳ የአሸዋና የውሃ ድፍድፍ በቧንቧ እየተነፋ ተሞላ። ሥራው እስከ 1911 ድረስ ሲቈይ ነዋሪው ከቤት ወደ ቤት በእንጨት መረማመጃ ላይ ይሄድ ነበር። አትክልቱ ሁሉ በጨው ደረቀ። ቤቱን የማስነሣቱንም ወጪ ባለቤቱ ራሱ ይከፍል ነበር። በ1915 ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ከተማዋ ቆማ ተገኘች። ሀብቱ ግን አልተመለሰም። በ1914 ሂውስተን የራሷን የመርከብ ቦይ ስለ ከፈተች ነጋዴው ወደዚያ ሄደ። ግንቡም የራሱን ዕዳ አመጣ፤ ማዕበሉ እየመታው ሲመለስ በፊቱ ያለውን አሸዋ ስለሚጠርግ ዛሬ አሸዋ በገንዘብ ከሌላ ስፍራ ይመጣለታል።

ጋሼ ከዚህ ሁሉ የሚያውቁት የራሳቸውን ታሪክ ነው። በ2005 «ሪታ» የተባለው አውሎ ነፋስ ይመጣል ሲባል፣ ከጥቂት ሳምንት በፊት ኒው ኦርሊንስ ስትሰጥም በቴሌቪዥን አይተው ነበርና ባለቤታቸውንና ሁለት ሕፃናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዳላስ ሸሹ። የአራት ሰዓት መንገድ ሃያ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቶ መንገዱ ተዘጋ። በሙቀትና በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው አውሎ ነፋሱ ከገደለው በዛ። አረጋውያንን የጫነ አንድ አውቶቡስ ዳላስ አጠገብ ተቃጥሎ 23 ሰዎች አለቁ። «ሕፃኑ ወተት ሲያለቅስ፣ ቤንዚን ሲያልቅብኝ፣ ሁለተኛ አልወጣም ብዬ ማልሁ» አሉኝ።

በ2008 ሴፕቴምበር 13፣ በእኛ መስከረም 3 ቀን፣ «አይክ» መጣ። በጋልቨስተን ያሉ ሰዎች እንዲወጡ ታዘዘ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱም በዳር ባሉ ዝቅተኛ ቤቶች የሚቀር ሰው መሞቱ አይቀርም እስከ ማለት ደርሶ አስጠነቀቀ። ሆኖም ብዙ ሺህ ሰዎች አልወጡም። እንዲያውም ነፋሱ ገና ሳይመጣ ውሃው ደረሰ፤ የመጣውም በግንቡ ፊት ሳይሆን በጀርባ፣ በወሽመጡ በኩል ነው። ፊቱን በግንብ ያጠረ ከተማ ጓሮው ክፍት ነበር። በቦሊቫር በኩል ያለው ሠፈር እንዳለ ተጠረገ። የከተማይቱም ጥላ የነበሩት ትልልቅ የወይራ መሰል ዛፎች ጨው ውሃ ስለ ጠጡ በሺህ የሚቈጠሩት ደረቁ። ከግንዶቹ አንዳንዶቹን ጠራቢዎች ውሻና መልአክ፣ ዓሣና ወፍ አድርገው በየደጁ አቆሟቸው። እየዞርሁ አይቻቸዋለሁ፤ ያማሩ ናቸው፤ ግን ዛፎች ነበሩ።

«ታዲያ እርስዎ ያን ጊዜ ምን አደረጉ?» አልኋቸው።

«ተቀመጥሁ። ቤቴ ከፍ ያለ ስፍራ ስለ ሆነ ውሃ አይደርስበትም። መስኮቱን በኮምፔርሳቶ መታሁና መታጠቢያ ቤት ገብተን አደርን። አየህ፣ ልዩነቱን የተማርነው በመከራ ነው፤ ከውሃ ይሸሻል፣ ከነፋስ ግን ይሸሸጋሉ። ውሃ በማይደርስበት ሠፈር ያለ ሰው መንገድ ከዘጋ፣ ሊሰጥም ያለው ሰው መውጫ ያጣል።»

በ2024 ጁላይ 8 ቀን የመጣው «ቤሪል» ደግሞ በደረጃው ትንሽ የሚባል ነበር። ነገር ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት ተቋረጠባቸው፤ በዚያ ሙቀት ለብዙዎች ቀናት ፈጀ። ጋሼ ስድስት ቀን በጨለማ ሲቀመጡ፣ ጎረቤት ያሉ አበሾች የጋዝ ምድጃ ባለው ቤት ተሰብስበው፣ በማቀዝቀዣ ያለው ሥጋ ሳይበላሽ በአንድ ላይ ወጥ ሠርተው፣ ጀበናውንም ጥደው ሰነበቱ። ለብቻዋ የምትኖር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ጎረቤታቸውንም በየሰዓቱ በሩን እያንኳኩ ይጠይቋት ነበር። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ሙቀት ሽማግሌን ድምፅ ሳያሰማ ይገድላልና።

የአውሎ ነፋሱ ወራት በሕግ ሲቈጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 መሆኑ ነው። እጅግ የሚበረታው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ፣ በእኛ ጳጉሜ ማለቂያ ነው። ምክንያቱም ባሕሩ በጋውን ሙሉ የጠጣው ሙቀት ያን ጊዜ ስለሚከማች ነው። ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ተንኖ ሲወጣ ለነፋሱ እንደ ማገዶ ይሆነዋል፤ ጋሼ ሙቀቱ ነው የሚገድለን ያሉት ይህን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስሰማው ከወንበሬ ያስነሣኝ። በአትላንቲክ ከሚነሡት ብርቱ አውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ ዘራቸው ከአፍሪካ ምድር ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የአየር ማዕበል ነው። የአየር ጠባይ ምሁራን በ2000 የተነሣውን «አልቤርቶ» የተባለ አውሎ ነፋስ ወደ ኋላ ቢከታተሉት፣ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተሰበሰበ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ አገኙት! ክረምት በክፍሌ መስኮት የማየው፣ የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚደበድበው ደመና፣ ሱዳንንና ሳህልን ተሻግሮ ባሕር ሲደርስ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «ታዲያ ቪዛ ማን ሰጠው?» ብለው ሣቁ።

ደሴቲቱ ዛሬም 50,000 የሚያህል ሕዝብ ይኖርባታል። በዚያ የባሕሩ ከፍታ በዓመት ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ እየጨመረ ነው። ከፊሉ የዓለም ባሕር ስለሚጨምር፣ ከፊሉም ከምድር ውሃና ዘይት ሲቀዳ መሬቱ ስለ ሰመጠ ነው። የወሽመጡን አፍ በታላላቅ በሮች ለመዝጋት የታሰበውን ሥራ የአሜሪካ ምክር ቤት በ2022 ፈቅዷል። ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ግን በፈቃድ ብቻ አይገኝም። እስከዚያው ከግንቡ ወዲያ ባለው ባዶ አሸዋ ላይ፣ በረዣዥም ምሰሶ የቆሙ አዳዲስ ቤቶች ሲሠሩ በዐይኔ አየሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ባሕሩ ያምራላ!» አለኝ አንዱ አናጢ።

ወደ ሂውስተን ከመመለሳችን በፊት ስትራንድ በሚባለው አሮጌ የንግድ መንገድ ላይ ቡና ጠጣን። በየሕንጻው ግድግዳ ላይ የአይክ ውሃ የደረሰበትን የሚያሳይ ትንሽ ሰሌዳ ተመትቷል። ከቡና ቤቱ አጠገብ ያለውን ጋሼ አዩና «ቁም እስቲ፣ ለተማሪዎችህ ይሆናል» ብለው ፎቶግራፍ አነሡኝ። ከዚህ ጽሑፍ ጋር የታተመው እርሱ ነው። ከጀርባዬ ከትከሻዬ በላይ የሚታየው ሰሌዳ ምልክቱ ነው።